ሰንጢውና ስባሪው ማጭድ

ታላቅ ወንድሜን አያ እያልኩ ነበር የምጠራው። አያ አንድ ጊዜ ዳንግላ ገበያ ወጥቶ ሁለት ነገር ገዝቶ መጣ፤ ጥቁር የቆዳ ጫማና ተጣጣፊ ሰንጢ። ሰንጢው የቀንድ እጀታ ነበረው። በሆነው ባልሆነው ያወጣዋል። ጥፍሩን ይቆርጥበታል፣ ሸንኮራ ይልጥበታል፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ዝም ብሎ ይከፍተውና ይዘጋዋል። ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ እጀታውን ይይዛል፣ የሌላው ጥፍር ስለቱን ይስባል። አያ ይህን ሲያደርግ ፊቱ ላይ የሚታየው ኩራት፣ እንዴት ልበለው፣ ብረቱን ራሱ የቀጠቀጠው ይመስል ነበር።

አንድ ቀን እርሳስ እንድቀርጽበት ከእጁ ወደ እጄ አቀበለኝ። እናታችን አይታ ተቆጣች። በእኛ ዘንድ ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ሰጪው መሬት ያስቀምጠዋል፣ ተቀባዩ ከመሬት ያነሣዋል። አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ ይባላል።

"ትጣላላችሁ" አለችን።

"ከዚህ ጋር? ይህ ለጠብ ይበቃል?" አላት አያ፣ ከላይ እስከ ታች እያየኝ።

አልተጣላንም። ጊዜም አላገኘን።

አያ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ሲመለስ ፈረሱ በጭነት መኪና ደንብሮ ጣለው። ጫማው ግን እርካቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ፈረሱም እየጎተተው ሮጠ። በባዶ እግሩ የሚጋልብ ያገራችን ሰው ትንሿን የእርካብ ቀለበት በአውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚይዛት፤ ሲወድቅ ጣቱ ሹልክ ትላለች። አያ ለጫማው ሲል ሰፊ እርካብ አሠርቶ ነበር። ሰዎች ሲደርሱ ሰንጢው ቀኝ እጁ ውስጥ ነበር። አልተከፈተም። ግራ እጁ ልጓሙን እንደያዘ ነው።

እኔ ያኔ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ለለቅሶ መጥቼ ቀረሁ። ጥር ሲቃረብ፣ ፈረሰኞች ለጊዮርጊስ በዓል እንጅባራ ሲሰባሰቡ የአያን ፈረስ እኔ ልጋልበው አልኩ። እናቴ እንቢ አለች። ስጨቀጭቃት ሰንብቼ በመጨረሻ፣

"እየተጎተትህ፣ በአንድ እጅህ የእርካቡን ጠፍር የምትቆርጥበት ነገር አሳየኝና ሂድ። ካላሳየኸኝ ፈረሱ ይሸጣል" አለችኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ይህን ሰሙ። "ይህን ሁሉ ከምትለፋ ጫማህን አውልቅ፣ አንተ ተማሪ" አሉ።

"የአያ ጫማ እኮ ነው" አልኳቸው።

ይሰፋኛል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሼ ነው የማደርገው። አጎቴ ጫማውን አዩት። ከዚያ ተነሥተው እርካቡን በአሮጌ ረጅም ጠፍር አሰሩና የጠፍሩን ጫፍ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

"እንግዲህ ፈረሱ እኔ ነኝ። ተኛ።"

ግቢው ሣር ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፤ አንድ እግሬ እርካብ ውስጥ። መጀመሪያ የቤቱን ካራ ነበር የያዝኩት። አጎቴ እንደ ፈረስ አሽካኩና ጎተቱኝ። የካራው ሹል ጫፍ መሬት ላይ ተሰካ፣ ሲነቀል ሱሪዬን ቀደደ።

"ማንን ልታርድ ነው፣ ፈረሱን ነው ራስህን?" አለች እናቴ ከበሩ ላይ።

ቀጥሎ ምላጭ በወረቀት ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አደረግሁ። እየተጎተትኩ ሳወጣው ኪሱንም አውራ ጣቴንም ቆረጠኝ። ጠፍሩ ደህና ነበር።

"ኪሱ ነጻ ወጥቷል" አሉ አጎቴ ቆም ብለው እየተነፈሱ። "የቀረው እግሩ ነው።"

ከዚያ የአያን ሰንጢ አመጣሁ። ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እንደማይሆን አውቅ ነበር። አጎቴ አላሽካኩም። ቀስ ብለው ሳቡኝ። በጥርሴ ልከፍተው ሞከርኩ፣ ቀበቶዬ ላይ ልከፍተው ሞከርኩ። አልተከፈተም። በዚህኛው ማንም አልቀለደም። ተነሥቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

በማግስቱ ከጎተራው ሥር ጫፉ የተሰበረ ማጭድ አገኘሁ። ሹል የለውም፣ አይወጋም፤ ስለቱ በጉብጠቱ ውስጥ ነው። ሳልኩት፣ የቆዳ አፎት ሰፋሁለት፣ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት።

"አጫጁ መጣ" አለች እናቴ። "ጤፉ የት ነው?"

ተኛሁ። አጎቴ ጎተቱኝ። በአንድ እጄ መዘዝኩ፤ ጠፍሩ ጉብጠቱ ውስጥ ገባ፣ ሳብ ሳደርገው ተበጠሰ። አጎቴ በግንባራቸው ከመደፋት ለጥቂት ዳኑ።

"በቃ፣ ፈረሱ ደክሞታል" አሉ።

"አልበቃም" አለች እናቴ። የሐዘን ልብሷን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። የተቆረጠውን ጠፍር ቀጠለች፣ ጫፉን ሁለት እጇ ላይ ጠመጠመች።

እሷ አልተጫወተችም። ሮጠች። ጀርባዬ ድንጋዩን ሁሉ ቆጠረው፤ ሰማይና አጥር ተደበላለቁብኝ። ማጭዱን አገኘሁት፣ ሳብኩት። ጠፍሩ ሲበጠስ እናቴ ተወርውራ ሣሩ ላይ ተዘረረች።

አጎቴ ከላይዋ ቆመው "ለአንቺስ ልጓምም አይበቃሽ" አሏት።

በተኛችበት ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ ሳቀችና መሐል ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኛም ጠበቅናት።

ስትነሣ ማጭዱን ከወደቀበት አንሥታ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችው።

"ጫማውን ጥረገው" አለች። "እንጅባራ ሰው ያይሃል።"

ማጭዱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ጎንበስ ብላ እግሬ ሥር ሣሩ ላይ አስቀመጠችው።

"አንሣው" አለችኝ። "ካንተስ ጋር መጣላት አልፈልግም።"