እናቴ የማትወርድበት ምግብ ቤት

በዩኒቨርሲቲው የምግብ አዳራሽ ነጭ ሽንኩርት ከቲማቲም ጋር ሲቁላላ በሸተተኝ ቁጥር፣ ከነገሌ ወደ ይርጋለም የሚወስደው አቧራማ መንገድ፣ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ የምትጠብቀን እናቴም ትዝ ይሉኛል።

አባቴ በነገሌ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ለሥራ ጉዳይ ወደ ይርጋለም ሲሄድ እኛንም ይዞን ይጓዝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን ሙሴ ቤፔ ከሚባል ጣሊያን ምግብ ቤት በር ላይ ያቆም ነበር። ሙሴ ቤፔ በወረራው ጊዜ መንገድ ያሠራ የነበረ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ሎኮ የምትባል የቦረና ሴት አግብቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔና አባቴ ገብተን ስፓጌቲ እንበላ ነበር፤ ሹካውን ሳሽከረክር አባቴ «እንዝርት አደረግሽው እንዴ! ፈትለሽ ስትጨርሺ ጋቢ ታለብሺኛለሽ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እናቴ ግን አትወርድም ነበር። ታላቅ ወንድሟን ተሰማን ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ከወሎ ወደዚያ አገር ወስደውት ሳይመለስ ስለቀረ፣ ከደመኛ ቤት እህል አልቀምስም ብላ ቋጥራ ያመጣችውን ቆሎ እየቆረጠመች ትጠብቀን ነበር። በመስኮቱ ሳያት ዓይኗ እኛን ትቶ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለው ግራር ላይ ተተክሎ ይቆይ ነበር።

አንድ ዓመት ጉዞው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሚያዝያ በቦረና የዝናብ ወር ስለሆነ፣ ከፊታችን ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ስለተቋረጠ ሙሴ ቤፔ ደጅ ቆመን ቀረን፤ የጋቢናው ጣራ ያፈስ ስለነበርም እናቴ በሰበሰች። ሎኮ ጆንያ ደርባ ወጣችና በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምራ «እትዬ፣ ናጋ? ቂምዎ መኪናው ውስጥ ይጠብቅዎት፣ አንቱ ግን ይግቡ!» አለቻት።

እናቴ ገባች፤ አልተቀመጠችም። ደጃፉ ላይ እንደቆመች «ሙሴ ቤፔ፣ ተሰማ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ወሎዬ መንገዱ ላይ ሠርቷል?» ብላ ጠየቀችው።

ሙሴ ቤፔ የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። «ሲኞራ፣ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነበረ» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ወባ መጣ። ብዙ ሰው ሞተ። እኔ ቀበርኩ።»

ወደ ጓሮ መራን። ግራሩ ሥር ዘጠኝ የድንጋይ ክምር ነበር። «የትኛው ነው?» ብትለው «አላውቅም፣ ሲኞራ» አላት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በዝናቡ ውስጥ ከክምር ወደ ክምር እየሄደች «ተሰማ!» ትል ጀመር፤ አቤት የሚላት ያለ ይመስል ጥቂት ትጠብቅና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ዘጠነኛው ጋ ስትደርስ ተንበርክካ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

ስንመለስ ሎኮ እሳት አጠገብ አስቀምጣት ሳህን አቀረበችላት። «እትዬ፣ እዝን ነው፤ ለቀስተኛ ሳይቀምስ አይሄድም።» እናቴ እጇን ታጥባ፣ ሹካውን ወደ ጎን ገፍታ፣ ስፓጌቲውን ሦስት ጊዜ በእጇ ጎረሰች። አባቴም ያን ቀን አልቀለደም። መኪናው ሲነሳ «ለምን እስከ ዛሬ ሳትጠይቂው ቆየሽ?» ሲላት፣ «ካልጠየቅሁት በሕይወት ይኖራል ብዬ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየዓመቱ ከእኛ ጋር ትወርድ ነበር፤ ግን አስቀድማ ወደ ጓሮ ትዞራለች። ያኔ በመስኮቱ ማዶ የማየው እናቴን ነበር፤ ዛሬ በአዳራሹ መስኮት የሚታየኝ የተከረከመ ሣር ብቻ ነው። ጓደኞቼ እየተሳሳቁ ይበላሉ፣ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከማንሳቴ በፊት ግን የማላውቀውን አጎቴን በልቤ በስሙ እጠራውና፣ እንደ እናቴ ጥቂት እጠብቃለሁ።