በሁለቱ ጨርቆች መካከል

ቀሚሱን መጀመሪያ የመረመርኩት በጣቶቼ ነው። በአንድ ፊቱ ጥቁር፣ በሌላው ጥልቅ ቀይ ሆኖ በሁለቱም በኩል የሚለበስ፣ ሐረሪዎች ኢራዝ የሚሉት የጥንት ቀሚስ ነበር። ስፌቱን ከትከሻው ጀምሬ ወደ ታች ስዳብስ፣ በግራው የታችኛው ጥግ፣ በሁለቱ ጨርቆች መካከል፣ ሽንብራ የምታህል ጠጣር ነገር ጣቴን አቆመችው።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

የቀሚሱ ባለቤት አሮጊት በሐረር ግንብ፣ በጁገል ውስጥ ባለው ቤታቸው፣ ነደባ በሚሉት ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብለው ጥጉን ከእጄ ወሰዱት።

«እሱን ተይው ልጄ። እናቴ ናት ያስቀመጠችው።»

«ወርቅ ነዋ!» አለች በቅርቡ የምትዳረው የልጅ ልጃቸው። «እማማ፣ በምላጭ ጫፍ ነካ ብናደርገው እኮ ለሠርጌ ይደርሳል።»

«እኔ ስሞት ትነኪዋለሽ። እስከዚያ ወላሂ አንዲት ክር አትበጠስም!»

«ስትሞቺ ማግባት አልፈልግም፤ አሁን ነው የማገባው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ አሮጊቷ ግን ጥጉን አልለቀቁትም።

እኔ ከግንቡ ውጭ አስተማሪ ነኝ። አቦከር ሰፈር ባለው ቤቴ ደግሞ ያረጁ ልብሶችን እያየሁ አምሳያቸውን በእጄ እሰፋለሁ። ቀሚሱ ለመልበስ ስለሳሳ ሙሽራዋ አዲስ እንድሰፋላት ፈልጋ ነበር። አስቀድማ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ብትወስደው፣ አንደኛው ገልብጦ መልሶ ገልብጦ ካየው በኋላ «እህቴ፣ ይሄ ቀሚስ ውስጥ የለውም። እኔ ደግሞ ጥፋቴን የምደብቅበት ውስጥ ያስፈልገኛል» ብሎ መለሰላት።

ስወጣ አሮጊቷ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ። ሙሽራዋ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወርቅ ከሆነ ለምን ሳትነግረኝ ሞተች? ካልሆነስ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስጠብቅ ኖርኩ?» አሉኝ። ልጅቷ ግን አንድ ቀን አያቷ ከቤት ሲወጡ ምላጩን እንደምታነሣ ከዓይኗ ይነበብ ነበር።

ከፈረስ መጋላ ገበያ ጥቁርና ቀይ ጨርቅ ገዝቼ፣ ልኬቱን በደብተሬ አስፍሬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ የተማረ ሰው ስህተት ነበር። እያንዳንዱን ስፌት ስጨርስ ክሩን ቋጥሬ፣ ትርፉን አስጠግቼ ቆረጥኩ፤ ንጹሕ ሥራ ማለት ይህ ነው ተብዬ ነበርና። ጨርቁን ባጥበው ቋጠሮዎቹ ግማሾቹ ተፈቱ፤ የቀሩት በቀዩ ፊት ላይ እንደ ጤፍ ቅንጣት ብቅ ብቅ አሉ። በሁለቱም በኩል የሚለበስ ቀሚስ መሸሸጊያ የለውም። የሁለት ሳምንት ሥራዬን ተረተርኩት።

እንደገና ስጀምር ክሩን ሰም አስነካሁ፤ ትርፉንም ሳልቆርጥ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ወደ ታች ለቀቅሁት። ከእጅጌ የመጣው፣ ከጎን የመጣው፣ ከደረት የመጣው ክር ሁሉ ቁልቁል ወርዶ በመጨረሻ ክፍት በቀረችው አንዲት ጥግ ተገናኘ። ጠበቅ አድርጌ በአንድነት ቋጠርኩት፤ ሰም ጨምሬ በመዳፌ አድበለበልኩት፤ ወደ ውስጥ ገፍቼ ጥጉን ሰፋሁበት። ከዚያም እንደ ልማዴ ስፌቱን ከትከሻው ጀምሬ ዳበስኩ።

የግራው ጥግ ላይ ጣቴ ቆመ።

የማወቅ ደስታ ነበረኝ፤ ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ይህን ብናገር አሮጌው ቀሚስ ከምላጭ ይድናል፤ አሮጊቷ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን እነጥቃቸዋለሁ። ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ ምላጩን ታነሣለች፤ ቀሚሱንም የጠበቁትንም ያጣሉ።

አዲሱን ቀሚስ ይዤ ሄድኩና ምንም ሳልናገር ጥጉን በጣቶቻቸው መካከል አስቀመጥኩላቸው። አሮጌውን በሌላ እጃቸው ያዙ። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አሹ።

«አንቺ ምን አስቀመጥሽበት?»

«ክር ነው፣ እማማ። ሲሰፉት የተረፈው ክር ሁሉ መሄጃው እዚያ ብቻ ነው።»

ሙሽራዋ «ክር?» አለች፤ ቀለበት የወደቀባት ይመስል።

አሮጊቷ አዲሱን ወደ እኔ ገፉት። «ያንቺን ክፈቺው።»

«እማማ፣ ሠርጉ እኮ ደርሷል!» ብላ ልጅቷ ጮኸች።

«የእናቴ አይከፈትም። የእሷ ይከፈት። በዓይኔ ልየው።»

መቀሴን አውጥቼ የገዛ ስፌቴን ተረተርኩ። ትንሿን የክር ድብልብል መዳፋቸው ላይ አኖርኳት። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው፣ ጥቁሩንና ቀዩን ጫፍ በጥፍራቸው እየለዩ አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ድንገት ሳቅ ያዛቸው፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳቁ።

«ወይ እናቴ! እኔ እኮ ጎረቤት ሲገባ ይሄን ጥግ ደብቄ ነበር የምቀመጥበት!»

ድብልብሏን መለሱልኝ። መልሼ ስሰፋ አጠገቤ ሆነው እያንዳንዱን ስፌት ይከታተሉ ነበር። ልጅቷ ምላጩን ወስዳ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጠው አየሁ። አሮጊቷ የእናታቸውን ቀሚስ ጥግ አሁንም በጣቶቻቸው እንደያዙ ነበሩ።

«የሷ ካንቺ ይተልቃል» አሉ። «ይሄን ሁሉ ክር የት ነው የሰፋችው?»

ደብተሬን አወጣሁና የአሮጌውን ቀሚስ ስፌቶች እንደገና ከትከሻው መቁጠር ጀመርን።