የጋሽ ሞላ ጠማማ ቀለበት

ባለፈው ቅዳሜ የግቢያችን በር ማጠፊያ ተነቅሎ አንድ ወጣት በያጅ ጠርቼ ነበር። ማሽኑን ከባጃጅ አውርዶ፣ ገመዱን ከቤታችን ሶኬት ጋር አያይዞ፣ ኤሌክትሮዱን ገና ብረቱ ላይ እንዳስነካው ያ ሽታ መጣ፦ የጋለ ብረት፣ የተለበለበ ቀለም፣ ዝናብ የጠጣ ዝገት። ሳላስበው ሁለት መዳፌን ዓይኔ ላይ ደፍቼ ወደ አጥሩ ዞርኩ። ልጁ ሥራውን አቁሞ ሳቀብኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት እንደ ሕፃን ፊቷን ስትሸፍን አይቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። እንዲህ እንዳደርግ ያስተማሩኝን ሰው እሱ የት ያውቃቸዋል።

ጋሽ ሞላ ጎረቤታችን ነበሩ። የብየዳ ቤታቸውን ከግቢያችን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር የግራይንደራቸውን ጩኸት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በሰፈራችን ካሉት የላሜራ በሮች አብዛኞቹ የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው። አጠር፣ ደረታቸው ሰፋ ያለ ሰው ነበሩ፤ ሸሚዛቸውን የብየዳ ብልጭታ በሳስቶት ሚስታቸው እትዬ ደስታ «ይሄ ሰውዬ ወንፊት ነው የሚለብሰው» ይሏቸው ነበር። እኛ የሰፈሩ ልጆች ሰማያዊውን ብርሃን ልናይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስንጋፋ ዝም ብለው ይጠብቁናል። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ ካላዞርን ኤሌክትሮዱን አያስነኩም።

የበያጅ ዓይን እንዴት እንደሚታመም የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ብርሃኑ የመታው ሰው ቀን ምንም አይለውም፤ ማታ ግን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁረዋል። ያን ጊዜ እትዬ ደስታ ድንች በስሱ ይቆርጡና ዓይናቸው ላይ ያደርጉላቸዋል፤ ቢበዛ በማግስቱ ይሻላቸዋል። ጋሽ ሞላ ይህን እንደ ሕግ ነበር የሚያምኑት። «እሳት ሐቀኛ ነው» ይሉኝ ነበር፤ «ከነካሽ ይነግርሻል።»

እህቴ ወርቅነሽ ከጅዳ የተመለሰችው በዚያ ዘመን ነው። ሰው ቤት ስትሠራ እንቅልፍ እምቢ ባላት ቁጥር በስልኳ ስለ ሰማይ ማንበብ ለምዳ ነበር የመጣችው። ሌሎቹ ወርቅና ሽቶ ይዘው ሲመለሱ የእኔ ልጅ ከዋክብት ይዛ መጣች እያለች እናቴ ትቀልድባት ነበር። አንድ ቀን ወርቅነሽ ለጋሽ ሞላ የጥቁር ጉድጓድ ፎቶ አሳየቻቸው። ብርሃን እንኳ ገብቶ የማይወጣበት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ መነሳቱ ነበር፤ መሃሉ ጨለማ፣ ዙሪያውን የደበዘዘ ብርቱካናማ ቀለበት። ጋሽ ሞላ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ስልኩን እንዳያቆሽሹት በጠርዝ በጠርዙ ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ይሄማ የጋለ የቱቦ አፍ ነው» አሉ በመጨረሻ።

በአንድ መሣሪያ ብቻ እንዳልተነሳ፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ ቴሌስኮፖች ተቀናጅተው እንደ አንድ ሆነው እንዳዩት ስታነብላቸው ደግሞ በጣም ሳቁ፤ እነሱም ተበይደው ነው ለካ ያዩት አሉ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ዛሬስ ሰማይ ምን አለ ብለው ወርቅነሽን መጠየቅ ልማዳቸው ሆነ። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ ሕዋ ራሱ ይንቀጠቀጣል ብላ ብትነግራቸው፣ ከእኔ ግራይንደር ይብሳል ወይ ብለው ጠየቁ። በስደት ላቧ ለግቢያችን አዲስ በር ስታሠራም መሃሉ ላይ እንደ ፎቶው ያለ ቀለበት ሊያደርጉላት ተስማሙ። በሩ አልቆ ተተከለ፤ ቀለበቷ ብቻ ቀረች።

ቀጥሎ ወረርሽኙ መጣ። ሰዉ ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሲሄድ ጋሽ ሞላ «አሁን ገና ሁላችሁም በያጅ ሆናችሁ» እያሉ ያላግጡብን ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ እሑድ ጧት፣ ጨረቃ ፀሐይን መሃል ለመሃል ከልላ ዳር ዳሩን ብቻ እንደምትተወው በሬዲዮ ተነገረ። ወርቅነሽ ስልኳን አገላብጣ፣ እኛ ባለንበት ደብረ ታቦር ላይ ፀሐይ እንደ ማጭድ ትቀጥናለች እንጂ ቀለበት አትሆንም፣ ቀለበቱን ለማየት ወደ ነፋስ መውጫ አቅጣጫ መሄድ ነው አለች። ጋሽ ሞላ ማጭድማ ቤቴም አለ ብለው አይሱዙ ያለው ወዳጃቸውን ለመኑ። እትዬ ደስታ እሑድን ያህል ቀን ቅዳሴ ትቶ ፀሐይ ፍለጋ መሄድ ደግ አይደለም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም።

ሄድን። እኔና ወርቅነሽ ጋቢና ውስጥ፣ ጋሽ ሞላ ከኋላ ጭነቱ ላይ። ከሁለት የብየዳ ጭንብል ያወጡትን ጥቁር መስታወት ደርበው በፕላስተር ጠቅልለው ኪሳቸው ይዘዋል፤ አንዱ ብቻውን ለፀሐይ አይበቃም ብላ ወርቅነሽ አስጠንቅቃቸው ነበር። ገሳይ የምትባለውን ከተማ አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ከመንገዱ ዳር ካለ ጉብታ ላይ ወጣን። ደመናው ገለል ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ገበሬዎችም ሰብሰብ ብለው ቆመዋል። ብርሃኑ አመድ አመድ ማለት ጀመረ፤ ብርድ መጣ፤ ለግጦሽ የወጡት ከብቶች ወደ ቤት ዞሩ። አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ጥለው ተንበረከኩና «እግዚኦ መሐረነ» ማለት ጀመሩ።

ጋሽ ሞላ መስታወቱን ለእኔም ለወርቅነሽም ሰጥተውን፣ ፀሐይ እየቀጠነች ስትሄድ በየተራ አይተናል። አሁን ወስደው ለሽማግሌው ሰጧቸው።

«አባቴ፣ አይፍሩ። ጨረቃ ናት የጋረደቻት። በዚህ ይመልከቱ።»

ሽማግሌው አዩ። ምህላቸው ቆመ፤ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ቀለበቱ ሊገጥም ሲል ወርቅነሽ ጋሽ ሞላን ጎነተለቻቸው፤ የሚቆየው አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ለመጨረስ እንኳ ለማይበቃ ጊዜ ነው፣ መስታወቱን ይቀበሏቸው አለቻቸው። ጋሽ ሞላ እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌው ሳይዞሩ «እስቲ ቆይ፣ ልጄ» አሉ።

ጋሽ ሞላ እጃቸውን መለሱ።

«ከሽማግሌ እጅ ልንጠቅ? ተይ» አሏት። «የእኔ ዓይን እሳት የለመደ ነው።»

እኔ ቀለበቷን አላየኋትም። እሳቸው ባስተማሩኝ መሠረት ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ ነበር። ቀና ስል ያየሁት ጋሽ ሞላን ነው፤ ፊታቸውን ወደ ላይ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቁ ነበር። ወርቅነሽ ክንዳቸውን ብትጎትት አልነቃነቃቸውም። ሲያበቃ ሽማግሌው መስታወቱን በሁለት እጃቸው መለሱላቸውና መረቋቸው፦ «ዓይንህን አይንሳህ፣ ልጄ።» ጋሽ ሞላ ዝቅ ብለው አሜን አሉ።

ማታ እትዬ ደስታ እየተቆጡ ድንች ቆርጠው ጠበቁ። ሕመሙ አልመጣም። ዓይናቸው አልቀላ፣ አልቆረቆራቸው፤ ፊታቸው ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት ጠቆር ያለች ነገር ብቻ ነበረች፤ እሷም ተኝተው ሲነሱ ትጠፋለች አሉ። አልነካኝም፣ ቢነካኝ ይነግረኝ ነበር ብለው ድንቹን ቀቅላችሁ ብሉ ሲሉ ለእኛ ለልጆቹ ሰጡን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ተረት ትርጉም ያኔ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጧት የወርቅነሽን ቀለበት ሊበይዱ ማሽናቸውን ወደ በራችን አመጡ። እኔ ግቢ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜአለሁ። ድምፁ ይጀምራል፣ ይቋረጣል፤ ደግሞ ይጀምራል፣ ይቋረጣል። ጭንብላቸውን አውልቀው መስታወቱን በሸሚዛቸው ወለወሉት። አዲስ መስታወት ቀየሩ። እሱንም ወለወሉት። ከዚያ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ። ይሄ ኤሌክትሮድ ጫፍ አለው?»

«አለው፣ ጋሼ።»

ቀለበቷን በዳሰሳ ጨረሷት።

ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም የዓይናቸው መሃል ተቃጥሏል፣ ያ ቦታ ደግሞ ሕመም የሚባል ነገር አያውቅም፣ መድኃኒትም የለውም ብሎ መለሳቸው። ዳር ዳሩ ደኅና ነበር። ሰው ሲያዩ ጆሮውና ትከሻው ይታያቸዋል፤ ፊቱ የለም። ስለዚህ ሊያዩኝ ሲፈልጉ ፊታቸውን ከእኔ ያዞሩ ነበር። የማያውቃቸው ሰው ያኮረፉ ይመስለዋል። አንድ ቀን ወርቅነሽን ያንን ፎቶ አሳዪኝ አሏት። ስልኩን በዓይናቸው ጥግ ሲያፈላልጉት ቆዩና መለሱላት።

«አያስፈልግም» አሉ። «እኔም ጋ አለ። የትም ባይ መሃል ላይ እሱ ነው።» ደግሞም ጨመሩ፦ «ይቺኛዋ እሳት ሳትነግረኝ ነካችኝ።»

ወርቅነሽ እየሮጠች ወጥታ ከጓሮ አለቀሰች። ፎቶውን በዚያው ቀን አጠፋችው፤ ስለ ሰማይ ማንበቡንም ተወችው።

የብየዳ ቤቱ ተዘጋ። ማሽኑን የገዛው ሰው ሊሞክረው ሲያስነሳው ጋሽ ሞላ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ያዳምጡ ነበር። ከዓመት በኋላ እትዬ ደስታን ይዘው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ይፋግ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያ አረፉ፤ መርዶው ሲደርሰን ሰባታቸው አልፎ ነበር። ሰው ላለማሳዘን ብለው ዓይናቸውን የሰጡ ሰው እንደዚያ ሥራ ፈተው መሞታቸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወጣቱ በያጅ ማጠፊያውን ከመጨረሱ በፊት ቀለበቷን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ወደ አንድ ጎን ያዘመመች ናት፤ ዙሪያዋን ብየዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተጓጉሏል።

«ይቺን ማን ነው እንዲህ ያበላሻት?» አለኝ። «በግራይንደር ጠርጌ ላስተካክላት? ደቂቃ አይፈጅም።»

«ተዋት» አልኩት። «ማጠፊያውን ብቻ ጨርስ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ጭንብሉን አወረደ። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ሰማያዊው ብርሃን ቆርቆሮው ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ቀለበቷን በዓይኔ ጥግ አየኋት። ጋሽ ሞላም ከሠሯት በኋላ ያዩዋት እንዲሁ ነበር።