በእናቴ ምዬ

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የቅርብ ጓደኛዬ ቤተሰቦች የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው። ያን ጊዜ ዕጣ የወጣለት ሰው ሰፈሩን በእልልታ ያቀልጠው ነበር። እሷ ግን ምሳ ዕቃዎቻችንን ከፍተን፣ የእሷን ምስር ከእኔ አልጫ ጋር ቀላቅለን ስንበላ፣ አውሮፕላን በላያችን እስኪያልፍ ጠብቃ ጆሮዬ ስር ገባች።

"የካ አባዶ ልንገባ ነው። ማንም እንዳያውቅ።"

ትምህርት ቤቱ ካወቀ መሸኛ ሰጥቶ ወደ አዲሱ ሰፈሯ ትምህርት ቤት ይልካታል። እሷ ደግሞ ከእኔ መለየት አልፈለገችም።

"ማርያምን፣ አልናገርም" አልኳት።

"እሱን ሁሌም ትያለሽ። በእናትሽ ማይ።"

"እናቴ ትሙት፣ አልናገርም።"

አጎረሰችኝና አለቀ።

ከገቡ በኋላ በየጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ እየጠበቀች ቦሌ ድረስ ትመጣለች። ሰልፉ ሲረዝም ታረፍዳለች፤ አርፋጅ ደግሞ በር ላይ ይንበረከካል። ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ስትገባ በሹራቤ እጅጌ እጠርግላት ነበር። አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ መምህር በሰው ሁሉ ፊት "አንቺ እንቅልፋም" አሏት። እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ ቦታዋ ሄደች። እኔ ግን ስናደድ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ብድግ አልኩና "እንቅልፋም አይደለችም፣ ከየካ አባዶ ነው የምትመጣው" አልኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ።

መምህሩ ደነገጡ፤ ይቅርታም ጠየቋት። በማግስቱ ግን እናቷን አስጠርተው "ልጅቷ ለምን ትንገላታለች? እዚያው ቅርቧ ትማር" አሏቸው። መሸኛው ተጻፈ። ጓደኛዬም ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሌላ ጥግ ሄደች፤ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም።

እኔን ሌላም ፍርሃት ይዞኝ ነበር። በእናቴ ምያለሁ። እናቴ ባስነጠሰች ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ልብስ ስታጥብ አጠገቧ፣ ሱቅ ስትሄድ ከኋላዋ ነኝ። "ምነው እንደ ጭራ ተከተልሽኝ?" ትለኛለች። ልነግራት አልቻልኩም። በአንድ አፌ ሁለቱንም ላጣ ነው ብዬ፣ እንዳታየኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በመጨረሻው ቀን ጓደኛዬ መሸኛዋን ደብተሯ መሀል አድርጋ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። ይቅርታ ልላት ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። ታልፈኛለች ብዬ ስጠብቅ ጠጋ አለችኝ። ከሲታ ፊቷ ይባስ ገርጥቷል።

"እናትሽ ደህና ናቸው?" አለችኝ።

"ደህና ናት።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

"ሳምንቱን ሙሉ ስጸልይላቸው ነበር" አለች። "ያስማልኩሽ እኔ ነኛ።"