አንድ ጊዜ ያዢልኝ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ዲላ እንኖር ነበር። ሦስት ልጆች እያሳደግኩ በጸሎት ቤታችን የሴቶችን ኅብረት እመራ ስለነበር፣ ቤቱም አገልግሎቱም በየፊናቸው ያኮርፉኝ ነበር። በቃ አገልግሎቱን ልተወው ብዬ ሳስብ፣ «እናት ቤቷን ሳትበድል እንዴት ታገልግል?» የሚል ትምህርት ይርጋጨፌ ላይ እንደሚሰጥ ሰማሁ። ልጆቹን ለአማቴ ትቼ፣ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ ልጅ የሌለበት ቀን ናፍቆኝ ነበር።

ገና ከመቀመጤ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ አንድ ጊዜ ያዢልኝ» ብላ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን ልታስተካክል ነው ስል እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ልጁ አለቀሰ፤ እሹሩሩ አልኩት። ጸጉሬን ጎተተኝ፤ ቻልኩት። በመጨረሻ ቀሚሴ ላይ ሸናብኝ።

«ኧረ ሴትዮ፣ ልጅሽን ተቀበዪኝ!» ብዬ ነቀነቅኳት።

«ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም» አለችና ወደ ሌላው ጎን ዞራ ተኛች።

ይርጋጨፌ ስንደርስ ልጇን ተቀብላ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላኝ ወረደች። እኔም እንደተናደድኩ፣ እርጥቡን ቀሚሴን በነጠላዬ ሸፍኜ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ።

የስብሰባው መሪ፣ «የዛሬዋ አስተማሪያችን አምስት ልጆች እያሳደገች የምታገለግል እናት ናት» ሲል ያቺው ሴት ብድግ ብላ ወደ ፊት ወጣች።

«ሁሉም ሰው እንዴት ቻልሽው ይለኛል» አለች ፈገግ ብላ። «አልቻልኩትም። መኪና ስሳፈር ደግ ከምትመስል ሴት አጠገብ እቀመጣለሁ።»