ወለድ የለበትም የተባለው ፍሪጅ

ከኮምቦልቻ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለዱዓ ተሰብስቦ ቤታችን መቆሚያ አልነበረውም፤ መኪናው ደግሞ ውጭ ጥሩንባውን ያንባርቃል። አባቴ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ብዙ ማውራት አይወዱም። እጄን ይዘው የሰጡኝ ምክር አንድ ብቻ ነበር።

«ዘይነብ፣ ሰው አገር ብዙ ነገር ያጋጥማል። ወለድ ግን እንዳትነኪ። ሰጪውም ተቀባዩም ያው ነው።»

«እሺ አባባ» አልኩ። በልቤ ግን «ለእኔ ደግሞ ማን ያበድረኛል?» እላለሁ። አገሩን የት አውቄው! እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ ቢጠፋ ቢጠፋ አበዳሪ አይጠፋም።

ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር ገባሁና መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ጀመርኩ። የዚህን አገር አየር ለእናንተ ማስረዳት ይከብዳል፤ ጠዋት እንደ ደሴ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ እንደ አፋር ያቃጥላል፣ ማታ ደግሞ ዝናብ ነው። ቤት የተከራየሁት አብራኝ ከምትሠራው ከጽጌ ጋር ነው። ጽጌ ጴንጤ ናት፤ እሷ ስትዘምር እኔ ስሰግድ ተስማምተን እንኖራለን። የተከራየነው ቤት ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ ግን የለውም። ቤቱን ያከራየንን ኤጀንት «ፍሪጁስ?» ስለው «ፍሪጅ የቤት አካል አይደለም» አለኝ። «ውሉ ላይ ድመት ማሳደግ ክልክል ነው የሚለውስ የቤት አካል ነው?» ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ አልደረሰልኝም።

የቆጠብኩት ብር ነበረኝ። እሱ ግን የአባቴ የሐጅ ብር ነው። አባቴን ሐጅ ሳላደርስ ላልነካው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ የዕቃ መደብር ሄድኩና ሻጩን ጠየቅሁት።

«በየወሩ ብከፍል ወለድ አለው?»

«ምንም! ኢንተረስት ፍሪ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ሃይማኖቴ ነው፤ ወለድ አልነካም።»

«ኖ ዎሪስ! ይኼ ለአንቺ የተሠራ ነው።»

«ፕሮሚስ?»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ፕሮሚስ!» አለኝ። እኛ ገበያ ነጋዴ «ወላሂ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ማን ወረቀት ያገላብጣል? ፈረምኩ። ፍሪጁ መጣ፣ አብሮም ብድሩን ከሰጠው ካምፓኒ ክሬዲት ካርድ መጣ፤ ካርዱን ስኳር ዕቃ ሥር ደበቅሁት። ለአባቴ ስደውል ማመን አቃታቸው። «ወለድ የሌለው ብድር? ደጋግ ሰዎች መሃል ነው የገባሽው!» ብለው ለአውስትራሊያ ነጋዴዎች ዱዓ አደረጉ።

በየወሩ የሚላክልኝ ሂሳብ «ቢያንስ ይህን ክፈይ» ይላል። ያቺኑ ሳላጓድል፣ አንድም ቀን ሳላሳልፍ እከፍላለሁ። ጽጌ አንድ ቀን አይታ ጮኸችብኝ።

«አንቺ፣ ይህቺ እኮ ሚኒመሟ ናት! በዚህ አከፋፈል አያልቅልሽም፤ ጨምሪበት እንጂ!»

«ከጠየቁኝ በላይ ከጨመርኩማ እሱ አይደል ወለዱ?»

ጽጌ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። አባቴ ሲያበድሩ ያበደሩትን ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ተበዳሪው ጨምሮ ቢያመጣ ይመልሱለታል። ለካ እዚህ ሚኒመሙ ዕዳው እንዳያልቅ ነው የተሰላው። ሂሳቡ ላይ፣ ይህቺን ብቻ ከከፈልሽ ዕዳው ይህን ያህል ዓመት ይቆያል የሚል ሳጥን አለ፤ ሕግ አስገድዷቸው ነው የሚያትሙት። አይቼዋለሁ። በቀለም የተከበበው ሁሉ ማስታወቂያ እየመሰለኝ ነው ያለፍኩት።

ሁለቱ ዓመት አለቀና ሳይከፈል በቀረው ዕዳ ላይ ወለድ ወጣ። የሚያስደነግጥ ወለድ! ከብሩ ይልቅ ያስለቀሰኝ ሲሸኙኝ እጄን የያዘው የአባቴ እጅ ነው። ለካምፓኒው ደወልኩ።

«ወለድ የለውም ተብዬ ነበር።»

«አልነበረውም።»

«አሁንስ?»

«አሁን አለው።»

«ሻጩ እኮ ፕሮሚስ ብሎኛል!»

«ሻጩ የእኛ ሠራተኛ አይደለም።»

መደብሩ ስሄድ ደግሞ «ብድሩ የእኛ አይደለም» አሉኝ። ፍሪጁ ብቻ ነው የእኔ የሆነው። ወለዱ አንድ ቀን እንኳ እንዳይጨምር ብዬ የሐጁን ብር አወጣሁና ዕዳውን ከነወለዱ ዘጋሁት። አባቴን «ብሩ ዘንድሮ አልሞላም» አልኳቸው። ለምን እንዳልሞላ ለመናገር አፌ አልታዘዘኝም። እሳቸው ግን ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሐጅ ልትልከኝ ነው» ብለው ነበር።

ጽጌ ዝም አላለችም። ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር በነጻ የዕዳ ምክር የምትሰጥ አንዲት ፈረንጅ ጋ ይዛኝ ሄደች። ሴትዮዋ ከመናገሯ በፊት ብዙ አዳመጠችኝ።

«ወለድ አልፈልግም ብለሽ በግልጽ ነግረሽው ነበር?»

«ሃይማኖቴ ነው ብዬዋለሁ።»

«በወር ስንት ብትከፍይ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«አበዳሪ ተበዳሪው የሚፈልገውን መጠየቅ አለበት። ለአንቺ የማይስማማ ብድር መስጠት በሕግ ክልክል ነው» አለችኝ።

ዕንባዬ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አቤቱታውን ጻፈችልኝ፤ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ካምፓኒው ጥፋቱን ሳያምን የበላውን ወለድ መለሰ። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሬ እነሱ ጋ ለቆየበት ጊዜ ብለው በላዩ ላይ ወለድ ጨምረውልኛል! እንደገና ደወልኩ።

«ብሬ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የጨመራችሁትን ግን ውሰዱልኝ።»

«እሱ ያንቺ ነው። ወለድሽ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የማልፈልገው!»

ስልኩን ያነሳችው ልጅ «አቤቱታ ማቅረብ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

ያን ዕለት ለአባቴ ደውዬ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፦

«ሻጩ በማን ስም ነው የማለልሽ?» አሉኝ።

«በማንም። ፕሮሚስ ብቻ ነው ያለው።»

«አይ ልጄ! እንዲያማ ከሆነ መቼ ማለ!» ብለው ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። «የጨመሩልሽን አፍሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። ለመንገድ ይሁን ለሕዝብ ሽንት ቤት ስጪው፤ ምንዳም አትጠብቂበት። የቀረው ላብሽ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

«የዘንድሮው ሐጅ ግን አለፈ እኮ አባባ። ጉልበትዎስ?»

ጉልበታቸው ከክረምት ወዲህ አስቸግሯቸዋል። መስጊድ የሚሄዱት በሰው ተደግፈው እንደሆነ ወንድሜ ነግሮኛል። እሳቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም።

«ከርሞ አላህ ካለ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እስከዚያ ጉልበቴን እለምነዋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፍሪጁን ተደግፌ ቆምኩ። ጽጌ ከሥራ ስትገባ እዚያው አገኘችኝ። «ምን አሉሽ?» አለች። ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አጠገቤ ቆመችና በእሷ ጸሎት ለአባቴ ጉልበት ጸለየች፤ እኔም አሚን አልኩ።