ከሽፋኑ ላይ ያጠፋኋቸው ሴት

ባለፈው እሑድ ልጄ በስልኳ ያነሳችኝን ፎቶ ስታሳየኝ፣ ከኋላዬ ያልፉ የነበሩትን ሰዎች በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አጠፋቻቸው። «አሁን ጸዳ» አለች። እኔ ግን በወጣትነቴ ያገኘኋቸው አዴ ሎኮ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ነጌሌ ቦረና ውስጥ አንድ የከብት ምርምር ማዕከል በግራፊክ ዲዛይነርነት ቀጥሮኝ ነበር። የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ በሥዕልና በፖስተር አዘጋጃለሁ። መብራት ሲጠፋ፣ ደግሞ በየጊዜው ይጠፋል፣ ደጅ ካለው ግራር ሥር ሳምቡሳ በሻይ እየበላሁ እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ስለ በጋ መኖ ለሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ሽፋን እንድሠራ ታዘዝኩ። በተሰጠኝ ፎቶ ላይ አንዲት ነጭ ላምና አንገቷን ያቀፉ አንዲት እናት ነበሩ።

«ላሟ ብቻ ትበቃለች» አለኝ አለቃዬ ዶክተሩ።

ቀኑን ሙሉ ማውስ ይዤ ሴትዮዋን ከፎቶው አወጣኋቸው። እጃቸው ያረፈበትን ቦታ እንኳ በላሟ ጠጉር ሸፈንኩት። ምንም አያስታውቅም ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ የሚያዝያ ዝናብ ቀርቶ አገሩ ደርቋል። በሚታደልበት ዕለት እኚያ እናት አዲስ ሻሽ አስረው፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጡ። ሰዎች «ፎቶዎ መጽሐፍ ላይ ወጥቷል» ብለዋቸው ኖሯል። ሰዉ በአክብሮት አዴ ሎኮ ይላቸዋል፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው።

«አካም፣ ናጋ ልጄ?» ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ መጽሐፉን ተቀበሉኝ። ሽፋኑን አዩት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውንም አዩ።

«ይቺ ላም የእኔ ናት። በዚህ ድርቅ ሞተች» አሉ ቀስ ብለው። «እሷ ሞታ እዚህ አለች። እኔ ቆሜ የለሁም።»

ያጠፋሁዎት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

በነጋታው ዋናውን ፎቶ ፈልጌ በቢሮው ባለቀለም ማተሚያ አተምኩት። ቀለሙ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ለግል ጉዳይ መጠቀም ክልክል ነበር፤ ዶክተሩም ደረሰብኝ። የሆነውን ነገርኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ፤ ፎቶውን ግን አልቀማኝም።

ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭኜ፣ ቀይ አቧራ ለብሼ ቤታቸው ደረስኩ። ፎቶውን ሲያዩ መጀመሪያ የተመለከቱት ራሳቸውን አይደለም፣ ላሟን ነው። ግንባሯን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«አዴ፣ ከመጽሐፉ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ተነስተው ጓዳ ገቡና በኩባያ ሻይ ይዘው ተመለሱ። ጥቁር ሻይ ነበር።

«ወተት የለም፣ ይቅርታ ልጄ» አሉና መሬት መሬት አዩ። «የእኛ ቤት እንግዳ እንዲህ አይስተናገድም ነበር።»

ሻዩን አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁት። ስነሳ እስከ መንገዱ ሸኝተው «ናጋቲ» ብለው ተሰናበቱኝ።

አሁን ጠጉሬ ሸብቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፣ ተጠይቄአለሁም። የዚያን ዕለት ግን ማፈር የሚገባኝ እኔ ሆኜ ሳለ እሳቸው አፈሩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።